ውዱ ቢራ ያዋጣል ወይ?

አንድ አንባቢዬ ይህን ደብዳቤ ጽፎልኛል። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የ36 ዓመት ሰው ነኝ። ሜክሲኮ አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል ነው የምሠራው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነኝ። ከሥራ ስወጣ ከድሮ ጓደኞቼ ጋር ስታዲየም ዙሪያ አንድ ሁለት ጃምቦ መጠጣት ልማዴ ነው። ከስምንት ወር በፊት ከውጭ የመጣ የአክስቴ ልጅ ቦሌ ወስዶ የቤልጂየም ጥቁር ቢራ አስቀመሰኝ። ቢራ እንዲህ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም። ቴምር ቴምር፣ የተቃጠለ ስኳር ስኳር ይላል። ከዚያ ወዲህ ደመወዝ ሲወጣ ከውጭ የሚመጣ አንድ ሁለት ጠርሙስ ሳልገዛ አላልፍም። ባለፈው ወር አንዱን ትልቅ ጠርሙስ 1,900 ብር ገዛሁት። ባለቤቴ ስትጠይቀኝ 600 ነው አልኳት። ጓደኞቼ ‹ፈረንጅ ሆነሃል› ይሉኛል። አንዳንዴ እኔም እጠራጠራለሁ። የሚጣፍጠኝ ቢራው ነው ወይስ ዋጋው? ያዋጣል ወይ? ይምከሩኝ።»

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንዴ ለቢራው፣ አንዴ ለ600 ብሯ። ከቢራው ልጀምር። የጠየቅከኝም እሱን ነው፣ እኔም የምወደው ነገር ነው።

መጀመሪያ ይህን ልንገርህ፤ ልዩነቱ አለ። ምላስህ አልዋሸህም። እኛ አገር በየግሮሰሪው የምናገኘው ቢራ አብዛኛው የአንድ ቤተሰብ ልጅ ነው። ወርቃማ፣ ቀለል ያለ፣ በቅዝቃዜ ቀስ ብሎ የሚብላላ ላገር። የዚህ ቤተሰብ አባት የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1842 ፒልዘን በምትባል የቦሔሚያ ከተማ የተጠመቀው ቢራ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1915 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተቋቋመ። ከዚያ ሜታው፣ ሐረሩ፣ በደሌው፣ ዳሽኑ፣ በቅርቡ ደግሞ ዋልያውና ሐበሻው መጡ። አፋችን ያደገው በዚህ ጣዕም ነው። ሐረር ቢራ ያወጣው ሐኪም ስታውት ጥቁር እንደነበር የሚያስታውሱ አሉ፤ እሱ ግን ብቸኛ እንግዳ ነበር።

አንተ የቀመስከው ከሌላ ቤተሰብ ነው። የቤልጂየም ጥቁር ቢራ ሞቅ ባለ ቦታ በሚሠራ እርሾ ይብላላል። ያ እርሾ ሲሠራ የፍራፍሬ መዓዛ ያወጣል። አንዳንዱ ሙዝ ሙዝ ይላል፣ አንዳንዱ ዘቢብ። በዚያ ላይ እስኪጠቁር የበሰለ ስኳር ይጨመርበታል። ቴምር ቴምር ያለህ ከዚህ ነው እንጂ ጠርሙሱ ውስጥ ቴምር ገብቶ አይደለም።

እኔ ስለ ቢራ ይህን ያህል ማውራት ከየት አመጣሁ ትል ይሆናል። እናቴ ዶሮ ማነቂያ ጠላ ሸጣ ነው ያሳደገችን። ሰፈሩ ዛሬ የለም፤ የጠላው ሽታ ግን ከአፍንጫዬ አልወጣም። እንስራው በወይራ ይታጠናል። ገብሱ ይቆላል፣ አሻሮው ይፈጫል። ጌሾው ተወቅጦ ከብቅሉ ጋር ይጠነሰሳል። እናቴ ጆሮዋን ወደ ድፍድፉ ጠጋ አድርጋ «እየፈላ ነው» ትል ነበር። ድምፁን ታውቀዋለች። አንዷ ጎረቤታችን ጌሾ ታበዛለች፣ ሌላዋ አሻሮዋን አጥቁራ ትቆላለች። ጠጪው የማን ጠላ እንደሆነ በመጀመሪያው ጉንጭ ይለይ ነበር።

ክራፍት ቢራ የሚሉት ይኸው ነው። ጠማቂው በትንሹ ይጠምቃል፣ የራሱን እጅ ያሳርፍበታል። ጀርመን አገር ባምበርግ የምትባል ከተማ ብቅሉን በእንጨት ጭስ አድርቀው ቢራ ይጠምቁበታል። መጀመሪያ የቀመስኩ ቀን እንባዬ መጣ። የእናቴ እንስራ ትዝ አለኝ። ስለዚህ ጓደኞችህ «ፈረንጅ ሆነሃል» ሲሉህ አትሸማቀቅ። ጣዕም የሚለይ ጠጪ ለዚህ ከተማ አዲስ አይደለም።

አሁን ወደ 1,900 ብሩ እንምጣ። አንተ የሒሳብ ሰው ነህ፣ ገንዘቡን በሁለት ከፍለህ እየው። አንደኛው ክፍል ጠርሙሱ ውስጥ የገባ ነው። ጠንካራ ቢራ ብዙ ብቅል ይበላል። ሆፕስ የሚባለው አበባ፣ የፈረንጅ ጌሾ በለው፣ ሲበዛ ውድ ነው። ጊዜም ገንዘብ ነው። አንዳንዱ ቢራ የአሜሪካ ውስኪ በነበረበት በርሜል ውስጥ ወራት ይተኛል። ብራስልስ አካባቢ ደግሞ እርሾ ሳይጨምሩ፣ አየር ላይ ባለው እርሾ ብቻ የሚያብላሉት ቢራ አለ። የ1፣ የ2 እና የ3 ዓመቱን አደባልቀው ነው ጠርሙስ የሚሞሉት። ሦስት ዓመት የጠበቀ ሰው ዋጋ ቢጠይቅ አልፈርድበትም።

ሁለተኛው ክፍል ምላስህ ላይ የማይደርስ ነው። የመርከቡ፣ የጉምሩኩ፣ የኤክሳይዝ ታክሱ፣ የተጨማሪ እሴት ታክሱ፣ የአስመጪው፣ የሱፐርማርኬቱ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዶላሩ ጭማሪም አለበት። ቢራው ያው ቢራ ነው፤ ብሩ ነው የተለወጠው። እነዚህ ሁሉ ተገቢ ወጪዎች ናቸው፣ ማንም አልሰረቀህም። ነገር ግን አንዳቸውም ቢራውን አያጣፍጡትም።

አንድ ምሳሌ ልስጥህ። ቤልጂየም ውስጥ ዌስትፍሌተረን በሚባል መንደር ትራፒስት የሚባሉ የካቶሊክ መነኮሳት ገዳም አለ። 10.2 በመቶ አልኮል ያለው ጥቁር ቢራቸው በዓለም ላይ እጅግ ከሚወደሱት አንዱ ነው። መነኮሳቱ ለመተዳደሪያቸውና ለበጎ አድራጎት የሚበቃውን ያህል ብቻ ይጠምቃሉ። ገዢውንም «አትርፈህ እንዳትሸጥ» ይሉታል። ገዳሙ በር ላይ ዋጋው ደህና ነው። ከዚያ በር ርቆ በሌላ ነጋዴ እጅ ሲገኝ ግን ዋጋው ብዙ እጥፍ ይሆናል። ጠርሙሱ ውስጥ የተጨመረ አንዲት ጠብታ የለም።

እና ያዋጣል ወይ? እንደ ቢራው ዓይነት ነው። እዚህ ላይ ጠንከር ያለ አስተያየት አለኝ። አይፒኤ የሚሉትን፣ በሆፕስ መዓዛ የሚታወቀውን ቢራ ከውጭ መጥቶ በውድ ሲሸጥ ብታየው፣ እለፈው። የሆፕስ መዓዛ ቶሎ ይጠፋል። እንደ ትኩስ በሶብላ ነው፤ ሲቆይ ስሙ ብቻ ይቀራል። ወራት በመርከብና በመጋዘን የቆየ አይፒኤ መራራነቱ ተርፎ ሽታው ይሄዳል። ባሰ ጊዜ እርጥብ ካርቶን ካርቶን ይላል። በ1,500 ብር ካርቶን መጠጣት ደግሞ ያሳዝናል። እንደ አንተ ያለው ጠንካራ ጥቁር ቢራ ግን ጉዞ ይችላል። አንዳንዱ በጠርሙሱ ውስጥ ዓመታት ቆይቶ ይሻሻላል። ስለዚህ ሳታውቀው ጥሩ መርጠሃል።

ስትገዛ ጀርባውን አንብብ፣ ቀኑን እይ። ከመስኮቱ አጠገብ ፀሐይ ሲመታው የከረመውን አትንካ። ብርሃን የሆፕሱን መራራ ነገር ይሰብርና መጥፎ ሽታ ያመጣበታል። ቡናማ ጠርሙስ ከአረንጓዴውና ከነጩ በተሻለ ይከላከልለታል። አንድ ጊዜ እኔ ራሴ ቦሌ መንገድ ላይ ካለ አንድ ሱቅ በውድ የገዛሁት ቢራ እንዲሁ በፀሐይ ተበላሽቶ ነበር። መደርደሪያው ላይ ሲያምር ነው ያነሳሁት። ቤት ገብቼ ስከፍተው ደፋሁት።

አሁን ዋናው ጥያቄህ ላይ ደረስን። የሚጣፍጥህ ቢራው ነው ወይስ ዋጋው?

ይህ ጥያቄ የሞኝ ጥያቄ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ አንድ የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች ጥናት አለ። ሰዎቹን አንድ ዓይነት ወይን አንዴ «10 ዶላር ነው»፣ አንዴ «90 ዶላር ነው» እያሉ አቀመሷቸው። 90 የተባለው በለጠባቸው። የሚገርመው፣ አእምሯቸው በመሣሪያ ሲታይ ደስታን የሚመዝነው ክፍልም የበለጠ ይሠራ ነበር። አልዋሹም ማለት ነው። ዋጋው ራሱ ደስታ ሰጥቷቸዋል። አንተም በ1,900 ብሩ የተደሰትከው በእርግጥ ተደስተህ ነው። ጥያቄው ያንን ደስታ በየወሩ በዚህ ዋጋ ልግዛው ወይ ነው።

እንዲህ አድርገህ ፈትነው። ሁለት ጥቁር ቢራ ግዛ። አንዱ ያ ውዱ፣ ሌላው በግማሽ ወይም በሲሶ ዋጋ የሚገኝ ተመሳሳይ ዓይነት። ጥቁርን ከላገር ጋር አታወዳድር፣ እሱን ዕውርም ይለየዋል። ሁለቱም እኩል ይቀዝቅዙ። ሦስት አንድ ዓይነት ብርጭቆ አዘጋጅ። ሌላ ሰው ጓዳ ገብቶ ሁለቱ ላይ አንደኛውን ቢራ፣ ሦስተኛው ላይ ሌላውን ይቅዳ። ትንሽ ትንሽ፣ ሁለት ሦስት ጉንጭ ይበቃል። ቀለማቸው ካልተመሳሰለ ዓይንህን ጨፍን። አንተ የምትመልሰው አንድ ነገር ነው፤ «የተለየው የቱ ነው?» በግምት ብቻ ከሦስት አንዴ ታገኘዋለህ። ስለዚህ ሦስት ጊዜ ደጋግመው። ሦስቱንም በግምት የማግኘት ዕድልህ ከ27 አንድ ነው። ሦስቱንም ካገኘህ ምላስህ በእርግጥ ይለያል። ከዚያ ደግሞ ዋጋውን ሳታውቅ የትኛው እንደሚጥምህ ተናገርና ይጻፍልህ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይገረማል። ልዩነቱን ለይቶ ርካሹን የሚመርጥ ብዙ ነው። እኔ በዚህ መንገድ ሁለት ውድ ቢራዎችን ተሰናብቻለሁ። አንዱን ደግሞ እስከ ዛሬ አልተውኩትም።

አንድ ነገር እንዳትረሳ። ይህን ቢራ እንደ ጃምቦ በረዶ አድርገህ አትጠጣው። ብርድ ምላስን ያደነዝዛል። ከፍሪጅ አውጥተህ ግማሽ ሰዓት ያህል አቆየው፤ 10 እና 12 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው ቴምሩ የሚወጣው። ብርጭቆው ዘይትና ሳሙና የሌለበት ይሁን፣ አረፋውን ይገድሉታል። ቀስ ብለህ ቅዳ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ የአየር ግፊቱ ዝቅ ስለሚል ቢራ እዚህ በቀላሉ ይገነፍላል። ታች የቀረው ዝቃጭ እርሾ ነው። ጉሽ ጠላ የሚወድ ይጠጣዋል፣ የማይወድ ይተወዋል።

ልኩንም አስላው። 750 ሚሊ ሊትር ሆኖ 10 በመቶ የሆነ ጠርሙስ 75 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል አለው። 330 ሚሊ ሊትር ሆኖ 4.5 በመቶ የሆነው የለመድከው ቢራ 15 ገደማ ነው ያለው። ስለዚህ ትልቁን ጠርሙስ ብቻህን ስትጨርስ አምስት ቢራ ጠጥተሃል። «አንድ ብቻ ነው የጠጣሁት» ብለህ መሪ እንዳትጨብጥ። ለሁለት ለሦስት ሰው የተሠራ ጠርሙስ ነው፤ ተካፈሉት።

ስለ ጓደኞችህ ብዙ አልልም። ድራፍታቸውን አትናቅባቸው እንጂ የሚተርቡህ ስለሚወዱህ ነው። ደግሞም ጥሩ ድራፍት ጥሩ ነገር ነው። ቱቦው የሚታጠብበት፣ በርሜሉ በቀን በቀን የሚያልቅበት ቤት ካለህ፣ ከውጭ የመጣ የደከመ ጠርሙስ አይደርስበትም። ትኩስነት በብር የማይገዛበት ጊዜ አለ። ቦሌ ያለው ቢር ጋርደን ኢን ለዓመታት የጀርመን ዓይነት ቢራ እዚያው እየጠመቀ ቢጫውንም ጥቁሩንም ሲያቀርብ ቆይቷል። እንዲህ ያለ ቤት ስታገኝ ጓደኞችህን ውሰዳቸው። መርከብም ጉምሩክም በመሐል የለበትም፤ ብርህ በሙሉ ማለት ይቻላል ብርጭቆው ውስጥ ይገባል። ለእኔ የክራፍት ቢራ ነገር በዚህች ከተማ ተስፋ ያለው በዚህ በኩል ነው። ገብሱ አርሲና ባሌ አለ፣ የአሰላ ብቅል አለ፣ ጌሾው በየጓሮው አለ። አንድ ቀን አንድ ወጣት በጌሾና በወይራ ጭስ ቢራ ጠምቆ ጠርሙስ ላይ የራሱን ሰፈር ስም ሲጽፍ ማየት እመኛለሁ። ያን ቀን ውድ ቢሆንም እገዛለሁ።

ለአንተ ደግሞ ቁርጥ ያለ መልስ ልስጥህ። በየወሩ 1,900፣ በደመወዝ ለሚኖር የሁለት ልጆች አባት፣ አያዋጣም። በዓመት ሦስት አራቴ፣ ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለፋሲካ፣ ከሰው ጋር ከፍተህ የምትቀምሰው ከሆነ ያዋጣል። በልደትህ ቀን አንድ ጨምርበት፣ አልቆጣህም። ጠርሙሱ ሲርቅ ይናፍቃል፣ ሲናፍቅ ደግሞ በደንብ ትቀምሰዋለህ። በየወሩ ስትገዛው ከጃምቦው ያልተለየ ልማድ ይሆናል፣ ዋጋው ብቻ ይለያል።

አሁን 600 ብሯ።

ወንድሜ፣ ይህቺ ናት ያሳሰበችኝ። ባለቤትህ ስለ ቢራ አልጠየቀችህም፤ ከቤቱ ገንዘብ ስንት እንደወጣ ነው የጠየቀችህ። ልዩነቱ 1,300 ብር ነው። 1,300 ብር ለልጆች ጫማ፣ ለዘይት፣ ለትራንስፖርት ምን እንደሚያደርግ አንተ የሒሳብ ሰው ስለሆንክ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። አንዴ ከዋሸህ ደግሞ ሁለተኛው ጠርሙስ የግድ 600 መሆን አለበት፣ ሦስተኛውም። አንድ ቀን ሱፐርማርኬት አብራችሁ ገብታችሁ መደርደሪያው ላይ ዋጋውን ራሷ ታነበዋለች። ያን ጊዜ የምትጠይቅህ ስለ ቢራ አይሆንም።

እናቴ ጠላ ቤቷ ውስጥ ለሚስቶቻቸው የሚዋሹ ብዙ ወንዶች አይታለች። «ሁለት ጣሳ ነው የጠጣሁት» እያሉ ሰባት ጠጥተው የሚሄዱ። ዱቤያቸውን ግድግዳው ላይ በከሰል ምልክት አድርጋ ትይዝ ነበር። አንድ ቀን የአንዱ ሚስት መጥታ ግድግዳውን ቆማ ቆጠረችው። ምንም አልተናገረችም። ቆጥራ ሄደች። ሰውየው ከዚያ ወዲህ ተመልሶ ሲመጣ አላየሁም። ልጅ ነበርኩ፣ ያቺ ሴት ጣቷን እየቀሰረች ስትቆጥር ግን እስከ ዛሬ ይታየኛል።

ያ የነገርኩህ የሦስት ብርጭቆ ፈተና ሌላ ሰው ይፈልጋል። ጓዳ ገብቶ የሚቀዳ፣ የትኛው ውድ፣ የትኛው ርካሽ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው። እሱን ባለቤትህ ታድርገው። ልጆቹ ሲተኙ፣ ቅዳሜ ማታ፣ ሁለቱን ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥና ከመክፈትህ በፊት ደረሰኞቹን ስጣት። ያለፈውም 1,900 እንደነበረ ንገራት። ትቆጣ ይሆናል። ትቆጣ፣ መብቷ ነው። ቁጣዋ ሲበርድ ብርጭቆዎቹን እሷ ትቅዳ። መጠጥ የማትጠላ ከሆነ እሷም ትሞክር፤ ሴቶች ብዙ ጊዜ በዚህ ፈተና ይበልጡናል ሲሉ ወንዶች ወዳጆቼ ራሳቸው ነግረውኛል።

ውጤቱን ጻፍልኝ። ከሦስቱ ስንቱን እንዳገኘህ፣ እሷስ የቱን እንደመረጠች።